አንበሳ የበላቸው ጋሽ መርዕድ

ከስትሪትሃም ወደ ብሪክስተን በሚሄደው አውቶቡስ ላይኛው ፎቅ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ በስልክ ታወራለች። እዚህ አገር አማርኛ የሚሰማ ሰው ከኋላዬ ይኖራል ብሎ የሚጠነቀቅ የለም፤ እሷም ድምጿን አልቀነሰችም።

«አንበሳ የበላው ሰውዬ አረፈ አሉ» አለች።

በስልክ ያለችው ሰው የትኛው ብላ ጠይቃት መሰለኝ፣ «የስቶክዌሉ ነዋ፣ ልጆች የሚያሻግረው። ቀብሩ ቅዳሜ ነው» ብላ ጨመረች። ከዚያ ስለ ቦይለሯ መበላሸት ማውራት ጀመረች።

መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ ሄድኩ። የጋሽ መርዕድን ሞት የሰማሁት እንዲህ ነው። ትከሻዋን ነካ አድርጌ «አንበሳ አልበላቸውም» ልላት ፈልጌ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ በልቷቸዋል፤ ሌላው ቢቀር ጭንቅላታቸውን። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ጋሽ መርዕድን ያወቅኋቸው ስቶክዌል፣ የካውንስል ፎቅ ላይ በር ለበር ጎረቤታሞች ሆነን ነው። አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው ለንደን ከገቡ በኋላ ያልሠሩት ሥራ የለም። እኔ ሳውቃቸው ሥራቸው ጧትና ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ ልጆችን አስፋልት ማሻገር ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ደማቅ ቢጫ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ጫፉ ላይ «ቁም» የሚል ክብ ሰሌዳ ያለበት ረጅም ዘንግ ይይዛሉ። ያንን ዘንግ መንገዱ መሐል ሲተክሉት ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ሳይቀር ቀጥ ይላል። ከቆመም በኋላ ቶሎ አይለቁትም። ልጆቹ ተሻግረው ሲያበቁ ወደ ሾፌሩ ዞረው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ፤ እሱም ራሱን ካልነቀነቀላቸው ዘንጉን አያነሡም። በዚህ የተነሣ በሥራ ሰዓት ያ መንገድ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይዘጋ ነበር።

አማርኛቸው የወጡበት ዘመን ላይ የቆመ ነው። ካውንስሉን «ቀበሌ» ይሉታል። የቤት ጉዳይ የምትከታተለውን እንግሊዛዊት ደግሞ «የቀበሌዋ ሊቀ መንበር» ይሏታል፤ እሷ ፊት ሳይቀር።

አንድ አመል ነበራቸው። እርዳታ አይቀበሉም። ሊፍቱ ተበላሽቶ አራት ፎቅ ድንች ተሸክመው ሲወጡ ላግዛቸው ብዬ ስጠጋ «አትርጂኝ ልጄ፣ እባክሽ» ይላሉ። ባስ ላይ ሰው ወንበር ሲለቅላቸው አመስግነው፣ የለቀቀላቸውን ሰው መልሰው አስቀምጠው፣ አጠገቡ ይቆማሉ። ጉልበታቸው ታሞ ሐኪሙ የኦፕሬሽን ቀጠሮ ቢያስይዝላቸው «የሚብስበት ሰው አይጠፋም» ብለው መለሱት። ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ሌላው ነገራቸው አግናጥዮስ ነው። የአንጾኪያው ጳጳስ። ቤተ ክርስቲያን «ምጥው ለአንበሳ» ትለዋለች፣ ለአንበሳ የተሰጠ ለማለት። ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አልቆጠርኩም። ጌታ አቅፎ በሐዋርያት መካከል ያቆመው ሕፃን እሱ ነው ይባላል። አድጎ የዮሐንስ ደቀ መዝሙር ሆነ፤ አንጾኪያ ላይ ተሾሞ ሸመገለ። ንጉሡ ጥራያኖስ ለጣዖት ስገድ ቢለው እምቢ አለ። በሰንሰለት ታስሮ፣ በዐሥር ወታደር ተጠብቆ፣ ሮም ድረስ ሄዶ ለአንበሳ እንዲጣል ተፈረደበት። በሚያልፍባቸው ከተሞች ሁሉ ምእመናኑ እየወጡ ያለቅሳሉ፤ እሱ ደብዳቤ ይጽፋል።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀየራል።

«ሮም ላሉት ክርስቲያኖች ምን ብሎ ጻፈላቸው መሰለሽ? ትልልቅ ሰዎች ታውቃላችሁ፣ ልታስፈቱኝ ትችሉ ይሆናል፣ አደራ እንዳታስፈቱኝ አላቸው። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ እስረኛ ታውቂያለሽ?»

«እኔ እስረኛ አላውቅም ጋሽ መርዕድ።»

«እኔ አውቃለሁ» ይላሉ። «እንዲህ ብሎ የጻፈ ግን አላጋጠመኝም።»

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ያለው ጊዜ ለንደን ላለነው ሐበሾች ክፉ ነበር። የአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወደ ሱቅ መስኮት ይዞራሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር የእነ እገሌ ወገን በግራ፣ የእነ እገሌ በቀኝ መቆም ጀምሮ ነበር። ጋሽ መርዕድ ለዚህ መድኃኒት አገኙ። የአግናጥዮስ በዓል ሲደርስ ሰማዕትነቱን በቲያትር እናሳይ አሉ። «ሰው አብሮ ካለቀሰ ይታረቃል» ነበር ሐሳባቸው። ጳጳሱን ራሳቸው ሊሠሩ፣ እኔ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ቃል ላስታውስ ተስማማን።

የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ የመጀመሪያ ስብሰባው ላይ የጠየቀው ጥያቄ «አንበሳው ማንን ነው የሚወክለው?» የሚል ነበር።

«አንበሳን» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«ዘውድ ይጭናል?» ብሎ ጠየቀ አንዱ።

«ሰው ሊበላ የመጣ አንበሳ ዘውድ ምን ያደርግለታል?»

ዘውድ የፈለገው ሰው ተቆጥቶ ወጣ። ዘውድ ይኖረው ይሆናል ብሎ የፈራው ሰውም መጠየቁ ራሱ አናዶት ወጣ። ሁለቱ ከምርጫው ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም፤ ያን ዕለት ውጭ ቆመው ጋሽ መርዕድን ሲያሙ አብረው ወደ ባቡር ወረዱ። እሳቸው በመስኮት አዩዋቸውና «ጀመረ» አሉ ደስ ብሏቸው።

አዳራሽ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አገኘን። የአዳራሹ ኃላፊ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች እንግሊዛዊት፣ የአደጋ መከላከያ ፎርም ሰጠችን። ጋሽ መርዕድ አላስሞላ ብለው ራሳቸው ሞሉት። «አደጋው ምንድን ነው?» ለሚለው፣ አንበሳ። «ማን ሊጎዳ ይችላል?» ለሚለው፣ ጳጳሱ። «አደጋውን ለመቀነስ ምን አድርገዋል?» ለሚለው፣ ምንም፤ ራሱ ስለሚፈልገው።

ሴትዮዋ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አነበበችው።

«ጳጳሱ ፈቃደኛ መሆኑን በጽሑፍ ገልጿል?» አለች።

«ገልጿል። ለሮም ሰዎች ጽፎላቸዋል።»

«እንግዲያው ኮፒውን ያያይዙልኝ።»

በማግስቱ ተርጉመው አመጡላት። አልሳቀችም። ማኅተም መታችበትና ፋይሉ ውስጥ አስገባችው።

ንጉሥ ጥራያኖስን የምትሠራው ሊያ ነበረች። እዚሁ ለንደን የተወለደች፣ ሕግ የምትማር፣ ድምፅዋ የሚያምር ልጅ። ልምምዱ ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ።

«እርስዎ ክርስቲያን ነዎት?» አለች ዙፋኗ ላይ ተቀምጣ።

«አንተ በይኝ ልጄ። ንጉሥ እስረኛውን አንቱ አይልም።»

«ጋሽ፣ አይ ካንት። እማዬ እዚያ ቁጭ ብላ? ሺል ኪል ሚ።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ለመኗት። በመጨረሻ «አንተ» ማለት ቻለች፤ ግን ባለች ቁጥር ከዙፋኗ ብድግ ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ ጥያቄ አመጣች። «ጋሽ፣ ለምንድን ነው አፒል የማያደርገው? አፒል ቢያደርግ እኮ ሪሊ ጉድ ቻንስ አለው።»

«አልፈለገም።»

«ባት ጓደኞቹ ሊያስወጡት ይችሉ ነበር።»

«እሱን ነው የፈራው» አሉ፤ የዚያን ቀን ልምምድ ሳይጨርሱ ካፖርታቸውን ለበሱ።

የአንበሳው ነገር ከሁሉ ባሰ። አንበሳ እንዲሆን የተመረጠው ታዬ ነው፤ ሚኒካብ ታክሲ ይነዳል፣ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ሲናገር ግን ድምፁ ሕፃን ያስተኛል። የአንበሳውን ራስ ጋሽ መርዕድ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ነው ያገኙት። ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ትልቅ ራስ ነበር፤ አፉ ሰፊ፣ ጥርሱ ጥርስ የሚመስል። ገላውን ከሰናፍጭ መልክ ብርድ ልብስ ሰፋንለት።

«አሁን በአራት እግርህ ትመጣና አንገቴን ትይዛለህ» አሉት።

ታዬ ራሱን ከአንበሳው አወጣና ላቡን ጠረገ። «ጋሽ መርዕድ፣ ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ጳጳስ። ወይም ሌላ አንበሳ። እኔ እርስዎን እንዴት ልብላ?»

«የምትበላኝ አንተ አይደለህም፤ አንበሳው ነው።»

«አንበሳው ውስጥ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ።»

ይለማመጡታል፣ ይከራከሩታል። አንዳንዱ ታሪክ ከጳጳሱ የተረፈው አጥንት ብቻ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ አንበሳው አንገቱን ብቻ ያዘ፣ ነፍሱ ስትወጣ ሥጋውን አልነካም ይላል። ጋሽ መርዕድ ለታዬ ሲሉ ሁለተኛውን መረጡ። «አንገት ብቻ ነው የምለምንህ» አሉት። «ከዚያ ወዲያ አትነካኝም።» ታዬ እሺ አለ። ጮኸም፤ ጥሩ አድርጎ ጮኸ። ከዚያ «ይቅርታ» አለ።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ሞላ። የግራዎቹ በግራ፣ የቀኞቹ በቀኝ ተቀመጡ፤ ቄሱ መሐል። ጋሽ መርዕድ ነጭ ለብሰው፣ ሰንሰለት አድርገው፣ የመንገድ ዘንጋቸውን ክብ ሰሌዳ በወርቃማ ወረቀት ሸፍነው በጳጳስ በትር ምትክ ይዘው ወጡ። ንጉሡ ፊት ሲደርሱ አንደኛው ወታደር ጉልበታቸውን አስታውሶ ወንበር አቀረበላቸው። በእግራቸው ገፉት። ሊያ ሳትነሣ «አንተ» አለች፤ እናቷ ፊቷን ሸፈነች። እስከዚያ ድረስ ሁሉ ደህና ነበር።

ከዚያ አንበሳው ገባ። ሕፃናቱ አጨበጨቡለት። ታዬ አንድ ጊዜ ዞራቸው። ሁለተኛ ዞራቸው። በሦስተኛው ፊት ለፊታቸው ቆመና ቀስ ብሎ ተኛ፤ ያንን ትልቅ ራስ እግራቸው ላይ አሳረፈው።

ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ። ተአምር መስሏቸዋል። ሁሉም ተከተላቸው፤ ከግራም ከቀኝም እልልታ ሆነ፣ ቄሱም ተነሥተው ቆሙ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ከእነሱ ሁለት እርምጃ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሚባባሉትን እሰማለሁ።

«ታዬ፣ ብላኝ።»

«አልችልም።»

«ታዬ፣ በእናትህ።»

«በእናቴ አልችልም፣ ጋሽ።»

ቃል ማስታወስ ሥራዬ ነውና «አንበሳው አንገቱን ያዘ» አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ሳቀ። ጋሽ መርዕድ በትራቸውን ጣሉ። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ የአንበሳውን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙና ከታዬ ላይ ነቅለው አወጡት። ብርድ ልብሱ ውስጥ ላብና እንባ ያጠመቀው የታዬ ፊት ብቅ አለ። እሳቸው ግን እሱን አላዩትም። የአንበሳውን አፍ ከፍተው ራሳቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ እስከ ትከሻቸው። ከዚያ መሬት ላይ ወደቁና እንደ ሰማዕት ዝም አሉ።

ጭብጨባው አዳራሹን ናጠው። መጋረጃው ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው የአንበሳው ራስ አልወጣ ያለው። በአፉ በኩል የገባ ጭንቅላት ጆሮ ላይ ሲደርስ አይመለስም። ሳብናቸው፤ ጮኹ። ዘይት ቀባን፤ ዘይቱ ዐይናቸው ገባ። ሊያ ዘውዷን እንደጫነች የአደጋ ጊዜ ስልክ ደወለች።

«አንበሳ ነው» ስትል ሰማኋት በእንግሊዝኛ። «አይ፣ ሞቷል። ማለቴ መጀመሪያም አልኖረም። አሁን? አሁን ጭንቅላታቸው ላይ ነው።»

«አትደውሉ። አትርዱኝ» ይላል የአንበሳው አፍ።

ታዬ መኪናው ውስጥ የቆርቆሮ መቀስ አለኝ ብሎ ሮጠ። እኔ ጋሽ መርዕድን ይዤ ወደ አዳራሹ ማድ ቤት ገባሁና ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ያንን ወንበር እምቢ አላሉም።

«ሰው አለ?» አሉ። ድምፃቸው ከጋን ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

«እኔ ብቻ ነኝ።»

«ቶሎ አታውጡኝ። እዚህ ውስጥ ሆኜ የምነግርሽ ነገር አለ።»

ፊታቸው አይታየኝም። የሚታየኝ አፉን የከፈተ አንበሳ ነው።

«ዐሥር ነበርን» አሉ። «አንድ የእስር ቤት ክፍል ውስጥ፣ ሁላችንም መምህራን። ጧት ዘበኛው ይመጣል። ስም ጠርቶ ዕቃህን ይዘህ ውጣ ካለ ያ ሰው አይመለስም። ይህን ሁሉም ያውቃል። አንድ ቀን የእኔን ስም ጠራ። ዕቃህን ይዘህ ውጣ አለኝ።»

የከበዳቸውን የአንበሳ ራስ በሁለት እጃቸው ደገፉ።

«ዘጠኙም ተነሥተው አቀፉኝ። ስሜን እየጠሩ አለቀሱልኝ፣ ለሬሳ እንደሚለቀሰው። ከበደ የሚባል የሒሳብ መምህር ሹራቡን አውልቆ አለበሰኝ፤ ይበርድሃል አለኝ። ሊሞት የሚሄድ ሰው ምን ይበርደዋል? ደጅ ስወጣ አጎቴ መኪና ይዞ ቆሟል። ትልቅ ሰው ያውቅ ነበር። ነፃ ነህ አለኝና ቤቱ ወሰደኝ፤ ቁርስ ቀረበ። እንቁላል ነበር። በላሁት።»

«ጋሽ መርዕድ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ?»

«ቆይ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኙንም ጠሯቸው። ቀድሟቸው የሄደ ሰው እንዳለ እያሰቡ ሄዱ። መርዕድ እዚያ ይጠብቀናል ብለው ይሆናል። እኔ እዚህ ልጅ አሻግራለሁ።»

ከአንበሳው ጥርስ መሐል የሚንጠባጠበው ዘይት መስሎኝ ነበር። ዘይት አልነበረም።

«አጎቴን አታስፈታኝ ብዬ አልጻፍኩለትም። ወረቀት ስላልነበረኝ ነው እላለሁ ለራሴ። ወረቀት ቢኖረኝም አልጽፍም ነበር፤ መውጣት ፈልጌ ነበር። አሁን ገባሽ? እሱ የቻለውን እኔ በቲያትር እንኳ አልቻልኩትም። ታዬም አዳነኝ።»

ዞር ስል ታዬ በሩ ላይ ቆሟል፤ መቀሱ እጁ ላይ ነው። መቼ እንደመጣ አላውቅም። ከኋላቸው ተንበረከከና ከማጅራታቸው ጀምሮ በጣም ቀስ እያለ መቁረጥ ጀመረ። «ካመምዎ ይንገሩኝ» ይላል በየመሐሉ። የአንበሳው ራስ ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ መርዕድ ወጡ፤ ፊታቸው ቀልቷል፣ ግራ ጆሯቸው ደምቷል።

«ሰምተሃል?» አሉት።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ይዘኸው ቆይ።»

የእሳት አደጋ ሰዎች የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ግዙፍ ወጣቶች ገመድና መጋዝ ይዘው «አንበሳው የት አለ?» ብለው ገቡ። ቄሱ ዳቦ ሰጧቸው። የአዳራሹ ኃላፊም የአደጋ ሪፖርት ሞላች፤ «አደጋው አስቀድሞ ታውቆ ነበር ወይ?» በሚለው ቦታ ላይ «አዎ፣ በዝርዝር» ብላ ጻፈች። ውጭ ስንወጣ የግራዎቹና የቀኞቹ ተደባልቀው ቆመው አየሁ። አንዱ ታዬን ሆኖ፣ ሌላው ጋሽ መርዕድን ሆኖ፣ ለሌሎቹ እያሳዩ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እንዲያለቅሱ ነበር የተጠሩት።

ሰኞ ጧት ጋሽ መርዕድ ጆሯቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው መንገዳቸው ላይ ነበሩ። ስሙም ያን ጊዜ ወጣላቸው። ለዓመታት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ሐበሻ ቤት ሲገቡ «አንበሳ የበላቸው መጡ» ይባላል፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይላሉ። ስለ ማድ ቤቱ ዳግመኛ አላነሡብኝም። እኔም አላነሣሁባቸውም። ከዚያ አግብቼ ስትሪትሃም ገባሁ። በየበዓሉ እደውልላቸው ነበር፤ ከዚያ በዓመት አንዴ፤ ከዚያ ሞታቸውን ባስ ላይ ሰማሁ።

ቅዳሜ ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው ነበር። ሊያ ጠበቃ ሆናለች፤ ጥቁር ለብሳ ከእናቷ ጋር ቆማለች። ታዬ ሸብቷል። ትምህርት ቤቱም ጋሽ መርዕድ ያሻገሯቸውን፣ አሁን ጢም ያበቀሉ ልጆች ይዞ መጥቷል። ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው ሰዉን ዝም አሰኙ።

«ሆስፒታል ሳሉ አንድ ቃል አደራ ብለውኛል» አሉ። «አይለቀስልኝ፣ አስቀድሞ ተለቅሶልኛል ብለዋል። ትሕትናቸውን እዩ።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከአጥሩ ወዲያ የሚያልፈው ባቡር ብቻ ይሰማል።

ታዬ አጠገቤ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ያኛው ልቅሶ እኮ በስህተት ነበር» አለኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ፣ በዚያ ሰምተነው በማናውቀው ሙሉ ድምፁ፣ ስማቸውን ጠርቶ አለቀሰ። ሰዉ ደንግጦ ዞረ። ሊያ ቀጠለች፤ ከዚያ እኔ። ቄሱ ሊያስቆሙን እጃቸውን አነሡ፤ ጥቂት እንደያዙት ቆዩና አውርደው መነጽራቸውን አወለቁ።